አልፓካ ለመጀመር ስንት ልያዝ? የመነሻ ወጪን የማስላት መመሪያ

ለጸጉሩ የሚረባውን የግመል ዘመድ፣ አልፓካን፣ ለማርባት የሚያስቡ ሰዎች «አልፓካ ልጀምር ነው፤ ስንት ገንዘብ ልያዝ?» ይሉኛል። ጥያቄው መልኩን እየቀየረ ይመጣል እንጂ ያው ነው። ጠያቂው አንድ ቁጥር ጠርቼለት እንድንገላገል ይፈልጋል። የእንስሳው ዋጋ ግን ከአገር አገር፣ ከሻጭ ሻጭ፣ እንደ ጸጉሩ ጥራት ብዙ እጥፍ ስለሚለያይ እኔ የምጠራው ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። ብዙም የማይለያየው መጠኑ ነው፦ አንድ አልፓካ የሚበላው ኪሎ፣ የሚያርፍበት ካሬ ሜትር፣ የሚታጠርበት ሽቦ። ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው መጠኑን ነው። ዋጋውን እናንተ ካላችሁበት ጠይቃችሁ ታባዛላችሁ።

ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፦ 4 ጎልማሳ አልፓካ፣ 50 በ100 ሜትር የሆነ ግማሽ ሔክታር መሬት።

ለሒሳቡ የሚያስፈልጋችሁ

- ደብተር። ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ «አንዴ የሚወጣ»፣ «በየዓመቱ የሚወጣ»፣ «ድንገተኛ»። ሦስቱን የቀላቀለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቅም።
- ረጅም ሜትር ወይም ልኩ የታወቀ ገመድ።
- ማንጠልጠያ ሚዛን። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ሻጭ የተጠየቀ ዋጋ።

ከእንስሳቱ በፊት የሚገዙ ዕቃዎች

የሽቦ መረብ፣ ቋሚዎችና በሮች፤ የመጠለያ ጣሪያና ግድግዳ፤ የውሃ ገንዳ፤ የድርቆሽ ማስቀመጫ መደርደሪያ፤ የራስ ማሰሪያና መጎተቻ ገመድ (ለየራሳቸው፣ በልካቸው)፤ የጥፍር መቁረጫ፤ የሰውነት ሚዛን ወይም መለኪያ ሜትር፤ አካፋ፣ ሬክና የእጅ ጋሪ፤ ለአልፓካ የተዘጋጀ ማዕድን።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱንና ሐኪሙን አስቀድሙ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ቦታ ደውሉ። መጀመሪያ የእንስሳት ጤና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፦ አልፓካ ማርባት ምን ፈቃድ ይጠይቃል? ከውጭ ማስገባትስ? እንስሳውን ድንበር ማሻገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ የደም ምርመራና ለይቶ ማቆያ ውስጥ የሚያልፍ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ሲደመሩ ከእንስሳው ዋጋ የሚበልጡበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉና «አልፓካ ወይም ላማ አክመው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አልፓካ፣ እንደ ቅርብ ዘመዱ እንደ ላማ፣ የግመል ወገን ነው። የብዙ መድኃኒት መጠን ለበግ ከሚሰጠው ይለያል፣ በዚያ ላይ ሕመሙን ደብቆ ደብቆ በመጨረሻ የሚወድቅ እንስሳ ነው። የሚያውቀው ሐኪም ሩቅ ከሆነ የመጓጓዣው ክፍያ «በየዓመቱ» ከሚለው ስር ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ ለምን እንደምታረቡ ወስኑ

የእንስሳውን ዋጋ የሚወስነው ይህ ነው። ከርካሹ ወደ ውዱ ሲደረደሩ፦ የተኮላሸ ወንድ፣ ለእርባታ ያልተመረጠች እንስት፣ የከበደች (ያረገዘች) ጥሩ ዘር እንስት፣ ጥራቱ የተመሰከረለት አውራ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ዓላማችሁ ጸጉሩ ከሆነ የተኮላሹ ወንዶች ይበቋችኋል። ጸጉራቸው ያው ነው፤ እርግዝናና ማጥባት የላቸውም፣ በጾታ መለየትም አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ መስክና ሁለተኛ መጠለያ ቀረ ማለት ነው። ለጠየቀኝ ጀማሪ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ግን ከከበደች እንስት መጀመር ያምራቸዋል፣ «አንድ ገዝቼ ሁለት» የሚለው ሒሳብ ስለሚጥማቸው። የዚያን ሒሳብ መልስ ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ዝርያው ሁለት ነው፦ ጸጉሩ እንደ ጥጥ የሚነፋው ሁዋካያ፣ እንደ ሹሩባ ተጠቅልሎ የሚወርደው ሱሪ (ከልብሱ ጋር ስም መጋራቱ እንዲያው አጋጣሚ ነው)። በብዛት የሚገኘው ሁዋካያ ነው።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ቁረጡ

ትንሹ 3 ነው። አልፓካ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን ሲቀር መብላት ይተዋል፣ ይታመማል። ፍየል ወይም በግ ጎኑ ማቆም የራሱን ዘር አይተካለትም። እኔ 4 የምለው አንዱ ቢሞት 3 እንዲቀሩ ነው። 3 ገዝቶ አንድ የሞተበት ሰው በጥድፊያ ሌላ ይገዛል፤ በጥድፊያ የተገዛ እንስሳ ደግሞ ሁሌም ይወደዳል።

ደረጃ 4፦ አጥሩን ለኩ

በብዙ ጀማሪ ሒሳብ ውስጥ ከእንስሳቱ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእንስሳቱ በላይ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ነው። ስለዚህ ዝግ ብላችሁ ሥሩ።

መጀመሪያ የመሬቱን ቅርጽ ተመልከቱ። 50 በ100 ሜትር ዙሪያው 300 ሜትር ነው። ያው ግማሽ ሔክታር 25 በ200 ቢሆን ዙሪያው 450 ሜትር ይሆናል። ሳሩ አንድ፣ ሽቦው አንድ ተኩል። ቀጭን ረጅም መሬት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ቅናሹን ከዚህ ልዩነት ጋር አመዛዝኑት።

በመቀጠል መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ አጥር ጨምሩ፣ 50 ሜትር። ጠቅላላው 350 ሜትር ሆነ። ይህን መሐለኛ አጥር ብዙ ሰው «በኋላ» ይለዋል። ሳታዘገዩ ሥሩት። አንዱ ክፍል ሲያርፍ በሌላው ይግጣሉ፣ ሳሩ ያገግማል፣ በሳሩ ላይ ያለው የትል እጭም ይቀንሳል። አዲስ የመጣ ወይም የታመመ እንስሳ መለያም ይሆናችኋል።

መረቡ በ50 ሜትር ጥቅል የሚሸጥ ከሆነ 350 ሜትር ልክ 7 ጥቅል ነው። 8 ግዙ፤ በማዕዘን የሚታጠፍና በመወጠር የሚበላሽ አለ። ቋሚው በየ3 ሜትሩ ቢተከል ወደ 120 ይደርሳል። የማዕዘንና የበር ቋሚዎች ወፍራም መሆን ስላለባቸው ለብቻ ዋጋ ጠይቁላቸው። በሮች ቢያንስ 3፦ አንዱ መኪና የሚያስገባ፣ አንዱ በሁለቱ መስክ መካከል፣ አንዱ ወደ መጠለያው።

ከፍታው ከ1.2 ሜትር አይነስ፣ 1.5 ቢሆን ይመረጣል። አልፓካ ዘላይ አይደለም፤ ከፍታው ውጭ ያለውን ውሻ ለመከልከል ነው። አንድ ሌሊት የገባ ውሻ የዓመት ሥራ ያጠፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ እሾሃማ ሽቦ አትጠቀሙ። ጸጉሩን ይይዛል፣ ቆዳውን ይቀዳል። ቀዳዳው ጭንቅላት የሚያሳልፍ መረብም አይሆንም፤ በተለይ ግልገል አንገቱን ያስገባና ማውጣት ያቅተዋል። በኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ እገድባለሁ ያለም ይሳሳታል፦ ጥቅጥቅ ያለው ጸጉር ንዝረቱን ስለሚከልለው ያላዩት ያህል ያልፉታል። ኤሌክትሪኩ የሚጠቅመው ከውጭ በኩል ተዘርግቶ አጥቂውን ሲመልስ ነው።

አጥሩ ካለቀ በኋላ መስኩን በእግራችሁ ዙሩ። ኦሊያንደር ወይም ሮዶዴንድሮን የሚባል ተክል ካለ ከሥሩ ይነቀል፤ ቅጠላቸው ይገድላል።

ደረጃ 5፦ መጠለያ፣ ውሃ፣ ማጎሪያ

በሦስት በኩል የተዘጋ፣ በአንድ በኩል የተከፈተ፣ ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ ጣሪያ ይበቃል። ለአንዱ 3 ካሬ ሜትር ያዙ፤ 4 ሲሆኑ 12 ካሬ። ለድርቆሽ ማከማቻና ለታማሚ መለያ 8 ካሬ ጨምራችሁ 20 ላይ አቁሙት። ብርድን ጸጉሩ ይችለዋል፤ የሚጎዳው እርጥበትና ሙቀት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለግድግዳ ሳይሆን ለጣሪያና ለአየር መተላለፊያ አውጡት።

ለአንዱ በቀን ከ5 እስከ 8 ሊትር ውሃ አስቡ፣ በሙቀት ወይም ሲያጠቡ ከዚያ በላይ። ገንዳው ተገልብጦ የሚታጠብ ይሁን። ውሃው ከቆሸሸ ይተውታል።

ከመጠለያው ጥግ 3 በ3 ሜትር የሆነ ማጎሪያ አጥሩ። ሰፊ መስክ ላይ አልፓካ አይያዝም፤ ማጎሪያ ከሌላችሁ ሐኪሙ በሰዓት የሚከፈለው እናንተ ስትሮጡ ቆሞ ለማየት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ድርቆሹን በኪሎ አስሉ

አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን አልፓካ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ደረቅ መኖ ይበላል። በድርቆሽ ወደ 1.4 ኪሎ ነው።

1.4 × 4 = 5.6 ኪሎ በቀን
5.6 × 365 = 2,044 ኪሎ በዓመት
ለሚረገጥና ለሚበላሽ 15 በመቶ ሲታከል 2,350 ኪሎ ገደማ

ይህ ግጦሽ ጨርሶ የሌለበት ዓመት ሒሳብ ነው። ስድስት ወር አረንጓዴ ሳር ካላችሁ ግማሹ ይበቃል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ሙሉውን ያዙ፤ አዲስ የታጠረ መስክ ምን ያህል እንደሚያበላ ገና አታውቁም።

አሁን ሚዛኑ። በመጀመሪያው ዓመቴ 100 እስር ድርቆሽ ገዛሁ። ሻጩ «እስሩ 20 ኪሎ ነው» ስላለኝ 2,000 ኪሎ አለኝ ብዬ ተኛሁ። መጋዘኑ ባሰብኩት ወቅት ሳይሆን ገና በጊዜ መራቆት ሲጀምር አንዱን አንስቼ ሰቀልኩት፤ 13 ኪሎ። የገዛሁት 1,300 ኪሎ ኖሯል። የጎደለውን ድርቆሽ በተወደደበት ወር ገዝቼ ሞላሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከክምሩ ከተለያየ ቦታ አምስት እስር አውጡና መዝኑ፣ አማካዩን ያዙ፣ ዋጋውን ለኪሎ ከፍሉ። 2,350 ኪሎ በ20 ኪሎ እስር 118 እስር ነው፤ በ13 ኪሎ 181።

አንዱን እስር ደግሞ ፈትታችሁ አሽትቱት። ሻጋታ የሸተተ፣ ሲነካ አቧራው የሚጨስ ከሆነ በነጻም አትውሰዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለከብት ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ አታብሏቸው። አንዳንዱ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት አለበት፤ አልፓካን ይገድላል። መዳብ የበዛበት ማዕድንም ቀስ በቀስ ጉበታቸውን ይመርዛል። ለአልፓካ የተዘጋጀው ቢወደድም እሱን ግዙ፣ በቀን የሚሰጠው ጥቂት ግራም ነው።

ደረጃ 7፦ የግዢ ቀን

ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት እጃችሁን ከእንስሳው ትከሻ ጀርባ አሳርፉ። ጸጉሩን በጣታችሁ ከፍታችሁ የጀርባ አጥንቱን ዳብሱ። በአጥንቱ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ሞላ ካለ ደህና ነው፤ እንደ ጣሪያ ሾጥጦ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ከስቷል። በዓይን አይታወቅም፤ የወፈረ የሚመስል ጸጉር ሥር አጽም ሊኖር ይችላል። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጉ። ቀይ ወይም ሮዝ ይሁን፤ ከነጣ ደም የሚመጥ ትል ጠርጥሩ። የታች የፊት ጥርሶቹ ከላይኛው ድድ ጋር መግጠማቸውን እዩ። ሰማያዊ ዓይን ያለው ነጭ አልፓካ ብዙ ጊዜ ደንቆሮ ስለሆነ ለእርባታ አይመረጥም።

ከሻጩ የሚጠየቅ ወረቀት፦ የክትባትና የትል መድኃኒት መዝገብ፣ የቅርብ ጊዜ የጸጉር ውፍረት ምርመራ በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ)፣ እንስት ከሆነች እርግዝናዋ በአልትራሳውንድ የታየበት ቀን። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊወርድ ስለሚችል፣ በሕይወት የሚወለድ ግልገል ባይገኝ ሻጩ ምን እንደሚያደርግ በውሉ ላይ ይጻፍ። «እንተማመናለን» ውል አይደለም።

በ«አንዴ የሚወጣ» ስር እነዚህንም ጻፉ፦ የእናንተ ሐኪም (የሻጩ ሳይሆን) የሚያደርገው ምርመራ፣ መጓጓዣ፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) እና ምዝገባ። መጓጓዣው ከምትፈሩት ይቀላል፤ መኪናው ሲነሳ አብዛኞቹ እግራቸውን አጥፈው ይተኛሉ። ክፍት መኪና ላይ ግን አይጫኑ።

ከደረሱ በኋላ 4 ሳምንት ለብቻ አቆይታችሁ በጠጣቸውን አስመርምሩ። ትል ቢኖርባቸው መስካችሁን ሳይበክሉ ታገኙታላችሁ፤ የተበከለ መስክ ማጽዳት ከምርመራው በብዙ ይወደዳል።

ደረጃ 8፦ በየዓመቱ የሚደጋገመው

- ሽልታ፦ በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት። ያልተሸለተ አልፓካ በሙቀት ሊሞት ስለሚችል «ዘንድሮ ይለፈኝ» አይባልም። ሸላቹ በራስ ከሚያስከፍለው ሌላ የመምጫ ክፍያ አለው። ለ4 እንስሳ ይህ ክፍያ ከባድ ስለሆነ በአቅራቢያችሁ ካሉ አርቢዎች ጋር ቀን ግጠሙና ተካፈሉት።
- ጥፍር፦ በየ2 ወይም 3 ወሩ። ራሳችሁ ተማሩት፣ ወጪው መቁረጫው ብቻ ይሆናል።
- ክትባት፦ ቴታነስን ጨምሮ ክሎስትሪዲየም በሚባሉ ባክቴሪያዎች ለሚመጡ በሽታዎች፤ ጊዜውን ሐኪሙ ይወስናል።
- ትል፦ በዘፈቀደ መድኃኒት ከመስጠት በጠጥ አስመርምሩ። በየወሩ ያለ ምርመራ የሚሰጥ መድኃኒት ትሉን ያላምደዋል። ደስ የሚለው፣ መንጋው የሚጸዳዳው አንድ ቦታ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ጠርጋችሁ ካነሳችሁት የትሉ ቁጥር በነጻ ይቀንሳል። ለአትክልት ማዳበሪያም ይሆናል።
- ቫይታሚን ዲ፦ ክረምቱ ረጅምና ፀሐዩ ደካማ በሆነበት አገር፣ በተለይ ለግልገሎች። ሲጎድል አጥንታቸው ይጣመማል።

ደረጃ 9፦ ገቢው መቼ እንደሚመጣ ጻፉ

ከጸጉር እንጀምር። አንዱ በዓመት ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ይሰጣል፤ 2.5 ብንል ከ4ቱ 10 ኪሎ ነው። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ከጀርባና ከጎን የሚወርደው ነው። የአንገቱ ዝቅ ይላል፣ የእግርና የሆዱ ሻካራ ነው። ለጥንቃቄ 5 ኪሎውን ብቻ እንደ አንደኛ ደረጃ ቁጠሩ። አስፈትላችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ የፈትል ፋብሪካው በትንሹ ስንት ኪሎ እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ 5 ኪሎ ይዞ ሄዶ የሚመለስ ብዙ ነው። እንስሳው ሲያረጅ ጸጉሩ ይወፍራል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

አሁን «አንድ ገዝቼ ሁለት» ላሉት። እርግዝናው 11 ወር ተኩል ገደማ ነው። ግልገሉ እናቱን የሚተወው በ6 ወሩ። ከገዛችሁበት ቀን 2 ወር የከበደች ብትሆን እንኳ፣ 9 ወር ተኩል ለመውለድ፣ 6 ወር ለማጥባት፤ የሚሸጥ ግልገል እጃችሁ የሚገባው ከ15 ወር ተኩል በኋላ ነው። የሚወለደው አንድ ብቻ ነው፤ መንታ እጅግ ብርቅ ነው። ወንድ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ሲሆን አብዛኛው ወንድ የሚሸጠው በተኮላሸ ዋጋ ነው። እንስት ብትሆንና አስከብዳችሁ ልትሸጧት ብታስቡ፣ ለመጠቃት የምትደርሰው ከ12 እስከ 18 ወሯ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድርቆሽ ትበላለች።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የገቢ መስመር ላይ ዜሮ ጻፉ። ዜሮ ጽፋችሁም ኪሳችሁ የሚችለው ከሆነ ጀምሩ።

ደረጃ 10፦ ደምሩ

የ«አንዴ የሚወጣ» ድምር፣ ሲደመር የሁለት ዓመት «በየዓመቱ የሚወጣ»፣ ሲደመር የዚህ ሁሉ 20 በመቶ ለ«ድንገተኛ»። 20 በመቶው የእኔ ልማድ ነው፤ አንድ የሌሊት የሐኪም ጥሪ ወይም አንድ የተሰበረ እግር ለምን እንደያዝኩት ያስረዳል። ሁለት ዓመት ያልኩት ደግሞ ደረጃ 9 ላይ ባያችሁት ምክንያት ነው። የእንስሳት መድን ካለ ውድ ለሆነች እንስት ጠይቁ፤ ለተኮላሸ ወንድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

እንስሳቱን ገዝቶ አጥሩን በኋላ ማጠር። ሻጩ ለማቆያ በቀን ያስከፍላል፣ አጣሪው ደግሞ መቸኮላችሁን አይቶ ዋጋ ይጨምራል።

በርካሽ የተገኘ ያልተኮላሸ ወንድ ከእንስቶች ጋር መልቀቅ። ሴቲቱ ከወለደች በሁለትና በሦስት ሳምንቷ መልሶ ያስከብዳታል፤ ገና ያልደረሱትንም አይምርም።

ጸጉሩን ሳያዩ በቀለሙ መግዛት። ከመጋዘን የወጣ ያለፈ ዓመት ጸጉር ለማየት ጠይቁ፤ ያስቀመጠ ሻጭ ያሳያችኋል።

በጡጦ ያደገ ወንድ ግልገል ለልጆች መጫወቻ ብሎ መውሰድ። ሲሰጥ በነጻ ሊሆን ይችላል። ከሰው እጅ ብቻ የጠባ ወንድ ግን ራሱን ከሰው አይለይም። ሲጎለምስ ሌላ ወንድ አልፓካን እንደሚገጥመው እናንተንም በደረቱ ይገጫል፣ ይነክሳል። እንዲህ ያለ ግልገል ቢያጋጥማችሁ ቶሎ ይኮላሽ፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከመንጋው ጋር ይደር፣ ጡጦውንም ሰጥታችሁ ወዲያው ውጡ።